ግማሽ የሌለው ገንዘብ፦ የኡምቤርቶ ታለሮ ገበያውን ለምን አጣ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ክብረ ወሰን ሰበረ። አንድ አውንስ (31.1 ግራም ያህል) ከ50 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጣ። ማዕድኑ እንዲህ ሲወደድ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የኖረ ጠገራ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም)፣ የአያት ድሪና የአንገት መስቀል እንደገና ሒሳብ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። አንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 23.39 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። በ50 ዶላር ሒሳብ ማዕድኑ ብቻውን ወደ 37 ዶላር ተኩል ያወጣል።

ከጠገራው ጋር አንዳንዴ ሌላ ሳንቲም ይገኛል። ስፋቱ ያው ነው። ፊቱ ላይ ዘውድ የደፋ፣ ትልቅ ጢም ያለው ሰውዬ አለ። ጀርባው ላይ ንስር ተቀርጿል። ሰውዬው የጣሊያኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። ሳንቲሙ ደግሞ ጣሊያን ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ ያወጣችው ታለሮ ነው፤ ዋጋው 5 ሊሬ። ሚዛን ላይ ካስቀመጣችሁት 28.125 ግራም ይመዝናል። ጠገራው ግን 28.07 ነው። ስለዚህ ታለሮው በጥቂቱም ቢሆን ይከብዳል። በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ግን 22.5 ግራም ብቻ ነው። የበለጠ የሚመዝነው ሳንቲም ያነሰ ብር ይዟል ማለት ነው።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ታስቦበት የተሠራ ነው። ሳንቲሙ ገበያ ያጣውም በዚሁ አሳሳቡ የተነሳ ይመስለኛል። ነገሩን ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በየሱቁ «ዝርዝር የለም» እየተባለ፣ በሳንቲም ፋንታ ማስቲካ እየተሰጠን ባለንበት ጊዜ፣ አንድ መንግሥት የገንዘቡን ክፍልፋዮች እንዴት መምረጥ አለበት የሚለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስምምነቱ እንጀምር

ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በየካቲት 1885 ነው። ያኔ ወደቡ ላይ የማይዞር የገንዘብ ዓይነት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከግብጾች ዘመን የቀረ ቂርሽ ነበር። ከባሕሩ ማዶ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር የገባ የሕንድ ሩፒ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ጠገራው ነበር። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሁሉም ነገር ዋጋ የሚቆረጥለት በጠገራ ነው። ጠገራው ቪየና ይመታል፤ የማርያ ቴሬዛ ምስል አለበት፤ ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ፊት፣ ያው ዓመት ነበር። ጣሊያን ወታደሮቿን ለመክፈል፣ በቅሎ ለመግዛት፣ መንገድ ለማሠራት የሌላ አገር ሳንቲም መግዛት ነበረባት።

በግንቦት 1889 የውጫሌ ውል ተፈረመ። ሁላችንም የምናውቀው አንቀጽ 17ን ነው። ብዙ የማይወራለት ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን ሄደው የፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት ነው። በዚያ ስምምነት ውስጥ ስለ ገንዘብ የተጻፈ አንቀጽ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸውን ገንዘብ ማስመታት ይችላሉ፤ የሚመታው ግን በጣሊያን ነው። የጣሊያን ንጉሥ ለአፍሪካ ግዛቶቹ ገንዘብ ካወጣ ደግሞ፣ ያ ገንዘብ በኢትዮጵያ ግዛት ሁሉ በሕግ ይዞራል።

እንግዲህ የኡምቤርቶ ታለሮ ለኤርትራ ብቻ የታሰበ አልነበረም። ለትግራይ፣ ለጎንደር፣ ለሸዋ ገበያም ነበር። ኤርትራ በጥር 1890 በአዋጅ ቅኝ ግዛት ስትባል ትንንሾቹ የብር ሳንቲሞች በዚያው ዓመት ወጡ። ትልቁ ታለሮ በ1891 ተከተለ።

በጠገራ ልብስ የመጣ የጣሊያን ሳንቲም

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ጣሊያን ያኔ የላቲን ገንዘብ ኅብረት አባል ነበረች። በ1865 ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂግና ከስዊዘርላንድ ጋር የገባችበት ኅብረት ነው። በሕጉ መሠረት የ5 ሊሬ ሳንቲም 25 ግራም ይመዝናል። ከሺህ እጅ 900ው ንጹሕ ብር ነው። ሲባዛ 22.5 ግራም ይሆናል። ታለሮውስ? ክብደቱ 28.125 ግራም፣ ንጥረቱ ከሺህ 800። ይህም ሲባዛ 22.5 ግራም ይሆናል። አንዲት ቅንጣት አይበልጥም፣ አያንስም።

ስለዚህ የተደረገው ይህ ነው። የሮማውን የ5 ሊሬ ሳንቲም ወሰዱ። በውስጡ ያለውን ብር ሳይነኩ ሌላ ማዕድን ጨመሩበት። ሳንቲሙ ገዘፈ፤ መጠኑም የጠገራው ሆነ። በሮም የሒሳብ መዝገብ ላይ 5 ሊሬ ነው፤ ምጽዋ ገበያ ላይ ሲታይ ጠገራ ይመስላል። የግምጃ ቤት ሰው ቢያየው ደስ የሚለው ሥራ ነው። አስመጪውም፣ ደመወዝ ከፋዩም፣ ጉምሩኩም በአንድ ቋንቋ ይቆጥራሉ። አንድ ታለሮ ሲባል 5 ሊሬ ነው፣ 5 ሊሬ ሲባል 500 ቸንቴዚሚ (የሊሬ መቶኛ) ነው፣ አለቀ።

የገበያው ሰው ግን እንደዚያ አልቆጠረም። በዚያ ዘመን ጠገራ የሚቀበል ነጋዴ እንዴት እንደሚመረምር አስቡት። መጀመሪያ የንግሥቲቱን ፊት ያያል። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያስተውላል፤ ዙሪያውን ትንንሽ ዕንቁዎች አሉበት፣ ዘጠኝ መሆናቸውን የሚቆጥሩም ነበሩ። ከዚያ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። በጠገራው ጠርዝ ላይ በላቲን የተጻፈ ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ አለ። ሳንቲሙ ተሞርዶ ከሆነ ጽሑፉ ይጠፋል። ያረጀ፣ የተላጠ፣ ዕንቁው የማይታይ ከሆነ «አልቀበልም» ይላል፤ ወይም ዋጋ ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ገበያ ላይ ዘውድ የደፋ ባለ ጢም ሰው ይዞ መምጣት ከባድ ነው። ፊቱ አዲስ፣ ጌጡ አዲስ፣ ጠርዙ አዲስ።

የመልኩ ነገር ከጊዜ ጋር ሊለመድ ይችል ነበር። የብሩ ነገር ግን አይለመድም። አንጥረኛው ታለሮውን አቅልጦ መስቀል ቢሠራበት ከጠገራው 0.89 ግራም ያነሰ ብር ያገኛል። አንድ ሁለት ሳንቲም ላይ ምንም አይደለም። መቶ ሳንቲም ላይ ግን 89 ግራም ይሆናል፤ ይህም አራት ጠገራ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብር ነው። ጅምላ የሚነግድ ሰው ይህን አይስተውም።

ዋጋው ሲወድቅ

ታለሮው የወጣበት ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነበር። በ1890 አሜሪካ ብዙ ብር የሚያስገዛ ሕግ አወጣች፤ የብር ዋጋ ለአጭር ጊዜ ተነሣ። ያኔ አንድ ግራም ወርቅ በ20 ግራም ብር ገደማ ይለወጥ ነበር። በዚያ ሒሳብ የጠገራው ማዕድን በወርቅ ሊሬ ሲታሰብ 4 ሊሬ ያህል ነው። ታለሮውን 5 ሊሬ ብሎ ማውጣት ያኔ ብዙም አያሳፍርም ነበር።

በሰኔ 1893 ግን የሕንድ መንግሥት ማንም ሰው ብር አምጥቶ ሩፒ የሚያስመታበትን አሠራር ዘጋ። ከዓለም ትልልቅ የብር ገዢዎች አንዱ በሩን ዘጋ ማለት ነው። ዋጋው ወደቀ። በ1894 አንድ ግራም ወርቅ ከ32 ግራም ብር በላይ ይገዛ ነበር። የጠገራው ማዕድን ወደ 2 ሊሬ ተኩል ወረደ።

አሁን የምጽዋን ነጋዴ ቦታ ቆማችሁ እዩት። እጃችሁ ላይ ሁለት ሳንቲም አለ። አንዱ ጠገራ ነው፤ ገበያው በ2 ሊሬ ተኩል ገደማ ማዕድን ይመዝነዋል። ሌላው ታለሮ ነው፤ ብሩ ከጠገራው ያንሳል፣ መንግሥት ግን «5 ሊሬ ነው» ይላችኋል። ይህን ታለሮ ይዛችሁ ወደ ደጋው ብትወጡ ገበሬው የሚያየው ማዕድኑን ነው። ስለ ሮም ግምጃ ቤት የሚያውቀው ነገር የለም። ለጉምሩክ ብትከፍሉበት ግን 5 ሊሬ ሆኖ ይቆጠርላችኋል። ታዲያ ማን ወደ ደጋው ይዞት ይሄዳል? እንዲህ ዓይነት ሳንቲም ሁልጊዜ የሚፈስሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወዳወጣው መንግሥት መስኮት። ወደ ገጠር የሚፈስሰው ጠገራው ነው።

ይህ የብዙ ቅኝ ገዢዎች ችግር ነበር። ሳንቲሙ ከማዕድኑ በላይ ዋጋ እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። ዛሬ ሁሉም አገር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን ያን ትርፍ ዋጋ የሚሸከም ነገር ያስፈልጋል፦ ግብር በዚያ ገንዘብ መቀበል፣ በየገበያው የሚመነዝር ባንክ፣ ሕግ የሚደርስበት አገር። የጣሊያን ሥልጣን በተግባር የሚደርሰው ከወደቡና ከጦር ሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ገንዘቡም የደረሰው እስከዚያው ነው።

ሩብ ስጡኝ ቢሉ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትልቁ ሳንቲም ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የትንንሾቹ ነገር ነው።

ከታለሮው በታች ሦስት የብር ሳንቲሞች ነበሩ፦ 2 ሊሬ፣ 1 ሊሬ እና 50 ቸንቴዚሚ። ክብደታቸው 10፣ 5 እና 2.5 ግራም ነው። ንጥረታቸው ከሺህ 835። በላያቸው ላይ ዋጋቸው በጣሊያንኛ ብቻ ሳይሆን በግዕዝ ፊደልና በዐረብኛም ተጽፏል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ተቀባዩን ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው። ከሊሬው ጎን ደግሞ ከታለሮ ስንት እጅ እንደሆነ ተገልጿል። 50 ቸንቴዚሚው ከታለሮ አንድ አሥረኛ ነው። ሊሬው ሁለት አሥረኛ። 2 ሊሬው አራት አሥረኛ።

አንድ አሥረኛ፣ ሁለት አሥረኛ፣ አራት አሥረኛ። ለወረቀት ሒሳብ ንጹሕ ነው። አሁን ገበያ እንውጣ።

በዚያ አገር ገበያ ገንዘብ የሚከፈለው በመግመስ ነበር። አንድ ጠገራ፣ ግማሽ ጠገራ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ። አንድ ሰው በግማሽ ጠገራ የሚሸጥ ዕቃ ይዟል እንበል። ያ 2 ሊሬ ከ50 ነው። ግማሽ ታለሮ የሚባል ሳንቲም የለም፤ አንድ ባለ 2 ሊሬና አንድ 50 ቸንቴዚሚ ማጋጠም አለባችሁ። እሺ፣ ይሁን። ሩብ ጠገራስ? 1 ሊሬ ከ25 ነው። ከእነዚያ ሦስት የብር ሳንቲሞች የፈለጋችሁትን ብትደምሩ 1 ሊሬ ከ25 አይመጣም። የሩብ ግማሽ ደግሞ 62 ቸንቴዚሚ ተኩል ነው። እሱንማ ተዉት። አሥር ለግማሽ ይከፈላል፣ ለሩብ ግን ሙሉ ሆኖ አይከፈልም። ጣሊያኖቹ ሊሬን ለአምስት አባዝተው ታለሮ አሉት፤ ታለሮን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት የሚከፍለውን ሰው ግን አላሰቡትም።

ገበያው ደግሞ ባዶ አልነበረም። የራሱ ዝርዝር ነበረው፤ አሞሌ ጨው። ከአፋር ሜዳ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ የጨው ጡብ ነው። ለአንድ ጠገራ የሚሰጠው የአሞሌ ብዛት እንደ ቦታው ይለያያል። ለጨው ሜዳው ሲቀርቡ ብዙ ነው፤ ሲርቁ ጥቂት። እርጥበት ይበላዋል፣ ይሰበራል፣ ዝናብ ካገኘው አለቀ። ግን ከዋጋው መለዋወጥ ጋር ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሲቸግርም ይበላል። ከዚህ ጋር የሚወዳደር ትንሽ ሳንቲም ማውጣት የሚቻል ነበር፤ ቅድሚያ ግን አሞሌው የት ቦታ እንደሚሠራ፣ ስንት ስንት ተደርጎ እንደሚቆጠር ማወቅ ነበረባቸው።

በትንንሾቹ ሳንቲሞች ውስጥ ሌላም ነገር ተደብቋል። አምስት ባለ 1 ሊሬ ሲደመሩ 25 ግራም ይመዝናሉ፤ ንጹሕ ብራቸው 20.875 ግራም ነው። ታለሮው 22.5 ነበር። ጠገራው 23.39። ስለዚህ ጠገራውን ሰጥቶ በሊሬ የዘረዘረ ሰው ሁለት ግራም ተኩል ብር በእጁ ላይ ጎደለበት። ይህ አሠራር የመጣው ከላቲን ኅብረቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ትንንሽ ሳንቲሞች ሙሉ ብር ሲኖራቸው የብር ዋጋ በተወደደ ቁጥር እየተሰበሰቡ ይቀልጡ ነበር። ስለዚህ ሆን ብለው ብሩን አሳነሱት። እዚያ ይሠራል፤ የሚመነዝረው ባንክ ጎረቤት አለ። ሠራዬ ወይም አካለ ጉዛይ ላለ ሰው ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ስዘረዝር ይጎድልብኛል።

ምኒልክ በሌላ መንገድ

በ1893 አፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ገንዘባቸውንም በጣሊያን አላስመቱም። ወደ ፓሪስ ሄዱ። በ1894 የወጣው የምኒልክ ብር ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ንጥረቱ ከሺህ 835 ነው። አስሉት፤ 23.44 ግራም ንጹሕ ብር ይመጣል። ከጠገራው በጥቂት ይበልጣል እንጂ አያንስም። የወጣበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1887 ተብሎ ተጽፎበታል።

ክፍልፋዩን ደግሞ እዩት። ግማሽ ብር፣ ያኔ አላድ የሚባለው። ሩብ። የሩብ ግማሽ። ከዚያ በታች ግርሽ፣ ሃያው አንድ ብር። ሁሉም ከገበያው አፍ የተወሰደ ነው። ሒሳቡ በአሥር ቤት አይደለም። ለአውሮፓዊ ሒሳብ ያዥ አይመችም ነበር። ለዶሮና ለማር ሻጭ ግን ይመቻል።

እውነቱን ለመናገር የምኒልክም ብር ጠገራውን አላባረረውም። በብዙ ቦታ ሕዝቡ የለመደውን ሴትዮ ፈልጎ ቀጥሏል። ትንንሾቹ ሳንቲሞች ግን ከትልቁ የተሻለ ተቀባይነት አገኙ። ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ትልቁን ገንዘብ ለመተካት እምነት ያስፈልጋል፤ እምነት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ትንሹን ለመተካት ግን የጎደለውን መሙላት ይበቃል። ጠገራው በራሱ ዝርዝር አልነበረውም። በዚያ ቀዳዳ የገባ ሳንቲም ሥራ ያገኛል።

ኡምቤርቶ ታለሮ ለመጨረሻ ጊዜ የተመታው በ1896 ነው፤ የዓድዋ ዓመት። በሁለቱ ዓመቶች በድምሩ ወደ 400 ሺህ ገደማ ነው የወጣው። ጠገራው በሚሊዮኖች በሚቆጠርበት አካባቢ ይህ ጠብታ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከማዕድኑ በላይ የሚከፍሉበትም በጥቂትነቱ ነው።

ጣሊያኖቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ደግሞ ብዙ ይናገራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቪየና ጠላት አገር ሆነች፤ ጠገራ ማምጣት ተቸገሩ። በ1918 አዲስ ታለሮ አወጡ። በዚህኛው ላይ ንጉሥ የለም። ማርያ ቴሬዛን የምታስመስል ሴት አለች። ክብደቱ እንደ ጠገራው 28.07 ግራም ነው። ንጥረቱ 835፤ ከጠገራው ትንሽ ከፍ ያለ። በላቲን «ለኤርትራ ንግድ ምቾት» የሚል ሐሳብ ተጽፎበታል። ክብደቱን፣ ብሩን፣ መልኩን ሁሉ አስተካከሉ። ገበያው ግን ሴትዮዋ ሌላ መሆኗን ለይቷል። በመጨረሻ በ1935፣ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጁ፣ ኦስትሪያን አስፈቅደው የራሱን የጠገራውን ቅርጽ ወሰዱና ሮም ውስጥ መምታት ጀመሩ፤ ዓመቱ 1780 እንደሆነ። ከ45 ዓመት በኋላ የደረሱበት ቦታ ይህ ነው።

ሌሎቹስ?

ነገሩ በተቃራኒውም ሊበላሽ ይችላል። አሜሪካ በፊሊፒንስ ያደረገችው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1903 የወጣው የፊሊፒንስ ፔሶ ከግማሽ የአሜሪካ ዶላር ጋር የተቆራኘ ነበር። ከበታቹ 50፣ 20 እና 10 ሴንታቮ የብር ሳንቲሞች ነበሩ። ስፔኖች ከ1860ዎቹ ጀምሮ እነዚሁኑ ክፍልፋዮች ያወጡ ስለነበር ሕዝቡ ያውቃቸዋል። የቅርጹን ንድፍ የሠራውም ሜሌሲዮ ፊጌሮዋ የተባለ ፊሊፒናዊ ቀራጺ ነው። በዚህ በኩል ጥሩ ጀምረዋል።

ችግሩ ብሩ መብዛቱ ነበር። ፔሶው 24.26 ግራም ንጹሕ ብር ነበረው። በ1905 እና 1906 የብር ዋጋ ሲወጣ ማዕድኑ ከፔሶው ዋጋ በለጠ። ሳንቲሙ ከአገር እየወጣ ቀለጠ። በ1907 ብሩን ወደ 16 ግራም አወረዱት። ትንንሾቹንም አሳነሱ። ሲያሳንሱ ደግሞ የ20 ሴንታቮው የብር ሳንቲም ከ5 ሴንታቮው የኒኬል ሳንቲም ጋር በስፋት ተቀራረበ። መምቻው ላይ ሳይቀር ተምታቱ፤ በ1918 የአንዱን ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር አጋጥመው የመቱት ሳንቲም ዛሬ ድረስ አለ። በ1930 የ5 ሴንታቮውን ስፋት መቀነስ ግድ ሆነ።

ብሪታንያ በምሥራቅ አፍሪካ ሌላ ትምህርት ተማረች። ሩፒውን በ1920 በፍሎሪን ተካች፤ በቀጣዩ ዓመት ፍሎሪኑን በሽልንግ። ሽልንጉ በ100 ሳንቲም ይከፈላል። ብሩ ከመቶ 25 ብቻ ነበር። ማንም ለማዕድኑ ብሎ አያቀልጠውም። የሚሠራው መንግሥት ስለሚቀበለው ነው። ያ ሽልንግ በ1941 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ እኛ መጣ፤ ኤርትራ ውስጥ ደግሞ እስከ ፌዴሬሽኑ ቆየ።

ሃምሳና ሃያ አምስት

ኢትዮጵያ በአሥር ቤት መቁጠር የጀመረችው በመቶኛ ነው፤ ብሩን ለመቶ በመክፈል። በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 መቶኛ ነበሩ፤ ከነሐስና ከኒኬል። ወረራው አቋረጣቸው። በ1945 ግን ነገሩ በአዲስ መልክ ተጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። አንድ ብር መቶ ሳንቲም ሆነ። ብሩ ራሱ ወረቀት ነው። ከነሐስ 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም ወጣ። 50ው ሳንቲም ብቻ ከብር ማዕድን ተሠራ፤ ማዕድኑ ከአሜሪካ የጦርነት ዕርዳታ የመጣ ነው።

ይህን ምርጫ አደንቀዋለሁ። ሕዝቡ ወረቀት አያምንም። ስለዚህ ግማሿን በእጁ የሚመዝነው ብር አደረጉለት። ሁለት ሃምሳ ሳንቲም ሲደመር ንጹሕ ብሩ 11.25 ግራም ገደማ ነው፤ ከጠገራው ከግማሽ በታች። በ1890 ቢሆን ማንም አይቀበለውም ነበር። በ1945 ግን ግብር የሚከፈለው በዚያ ነው፣ ባንኩ ይመነዝራል፣ ሽልንጉ ደግሞ ሰዉን አለማምዶታል። ሃምሳ ሳንቲሟ የሽልንጉን ቦታ ስለያዘች ስሙንም ወረሰች፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች አሁንም ሽልንግ ይሏታል። ክፍልፋዩንም ልብ በሉ። 50 እና 25። ግማሽና ሩብ፣ በአሥር ቤት ውስጥ። ጣሊያኖቹ በ20 እና በ40 መቶኛ ያጡትን ገበያ፣ በ50 እና በ25 ማግኘት ይቻል ነበር።

አንድ ስሕተት ግን ተሠርቷል። የ25 ሳንቲሙ ነሐስ ክብና ከ50ው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ብልጦቹ ብር ቀብተው ሃምሳ ነው እያሉ አዞሩት። በኋላ ስሙኒዋ ጠርዟ እንደ አበባ ወጣ ገባ ተደርጎ ተመታ። ማታ በጨለማ እንኳ በጣት ትለያለች።

አሁን ያለንበትን እንይ። በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር የሚገዛው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሳንቲም የሚሠራባቸው ማዕድናት በዶላር የሚገዙ ናቸው። በላያቸው ላይ የተጻፈው ግን አልተለወጠም። ይህ የፊሊፒንሱ ዓይነት ችግር ነው፤ ማዕድኑ ወደ ላይ፣ ቁጥሩ ባለበት። አምስትና አሥር ሳንቲም ሕጋዊ ገንዘብ ናቸው፤ ግን በአምስት ሳንቲም የሚገዛ ነገር የለም። ሃምሳዋም ወደዚያው እየሄደች ነው። 5 ብር በወረቀት ይዞራል፤ ወረቀቱ ደግሞ በየታክሲው እጅ ለእጅ ሲተላለፍ ቶሎ ይቦጫጨቃል።

የአምስት ብር ሳንቲም ማውጣት ይበጃል ባይ ነኝ። ከወጣ ግን ከባዱ ጥያቄ ምስሉ ላይ የአንበሳው አቅጣጫ አይደለም። የታክሲ ረዳቱ በቀን ስንት ጊዜ የትኛውን መልስ እንደሚያጣ፣ ዳቦ ቤቱ ዋጋ ሲጨምር በስንት ስንት እንደሚዘል፣ ጉልት ላይ የሽንኩርት መደብ በስንት እንደሚሸጥ ይታይ። ከአንድ ብር ቀጥሎ 2 ይሻላል ወይስ 5 የሚለው ከዚያ ይገኛል። ማዕድኑ ርካሽ ብረት ይሁን፤ የምንዛሪው ተመን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢዘል ሳንቲሙ አቅላጭ እጅ እንዳይገባ። ጠርዙ ደግሞ ከአንድ ብሩ በግልጽ ይለይ። ዓይናቸው የማያይ ወገኖቻችንም በየቀኑ ታክሲ ይሳፈራሉ፣ መልስ ይቀበላሉ።